ጋሽ አራሚ እና ሃምሳ ስድስቱ ኦርኪዶች

የተከበራችሁ ታላላቆቻችን፣ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የማተሚያ ቤት ጓደኞቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ፣ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ እሱን ለመሸኘት ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ የማሽን ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ማተሚያ ማሽን አጠገብ ስለቆምኩ ጆሮዬ ከብዷል፤ ሳወራም እጮሃለሁ። የተቆጣሁ ከመሰላችሁ ማሽኑ ነው። ዛሬ ግን እውነተኛ ቁጣም አለብኝ። በማንም አይደለም፤ በራሴ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የሟች የሥራ ባልደረባ ነኝ። የሚስቱም ታናሽ ወንድም ነኝ። እህቴ እዚያ ዛፉ ሥር፣ ከጎረቤታቸው ከነርሷ ጋር ተቀምጣለች። ከዚያ ሆና አትሰማኝም። ሆን ብለን ነው ራቅ ያደረግናት፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ቅድም የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ሰማችሁ። እኛው ነን ያተምነው። ሠላሳ አራት ዓመት በአራሚነት አገለገለ ይላል፤ ጋሽ አራሚ ያልነውም ለዚሁ ነው። ልክ ነው። ትዕግሥተኛ ነበር ይላል። እሺ፣ ይለፍ፤ የናንተን ጽሑፍ ይዞ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያስ ምን ይላል? «ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤቱን በኦርኪድ ሞልቶ፣ በአበባ ፍቅር ዕድሜውን ጨረሰ» ይላል።

እዚህ ላይ እርማት አለኝ።

ጋሽ አራሚ አበባ አይወድም ነበር።

ሳቁ፣ ግድ የለም፣ ሳቁ። እሱም ቢሰማ ይስቅ ነበር። አበባ ጭራሽ አይወድም ነበር። የሚወደው ወረቀት ነው። ቀይ እስክሪብቶ ነው። የሚወደው የኔን ማሽን ማስቆም ነው! ስንቴ አስቁሞኛል! አንድ ቀን የሠርግ መጥሪያ እያተምኩ ነው። ሁለት መቶው ካርድ ወጥቷል፤ ቀለሙ አልደረቀም። ጋሽ አራሚ እጁን እያወናጨፈ ከደረጃው ወረደ። «አቁም! አቁም አንተ! አባትየውን ልትድረው ነው እንዴ?» ለካስ የሙሽራውን ስምና የአባቱን ስም አቀያይረነዋል። ልጁ ቀርቶ አባቱ ሊያገባ ነበር። ያን ቀን የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱ ብቻ አልሳቀም። «ሰው በስህተት መቀለድ የለበትም» አለን፣ የእስክሪብቶውን ቆብ ገጥሞ ወጣ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ። ታዲያ ኦርኪዱ ከየት መጣ? እኛ ነና ያመጣነው። ጡረታ የወጣ ቀን። አበባ ቤት ሄደን «ቶሎ የማይጠወልግ ስጡን» አልን፤ ነጭ ኦርኪድ ሰጡን። ሥሩን በሚያሳይ ላስቲክ ማሰሮ ውስጥ ያለ። ጋሽ አራሚ የልጅ ሽንት ጨርቅ እንደያዘ ሰው ከራሱ አርቆ ያዘው። ከማሰሮው አፍ ወደ ውጭ የተንጠለጠለውን ሥር አየና «ይሄ ደግሞ ሥሩ ውጭ ቀርቷል፤ ማን ነው ሳያርም የለቀቀው?» አለ። አጨበጨብን። እሱ ወደ ቤቱ፣ እኛ ወደ ማሽናችን ሄድን።

በዚያ ሰሞን እህቴ መርሳት ጀምራ ነበር። እህቴን ታውቋታላችሁ። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። የስምንት መቶ ተማሪ ስም ከነአባቱ ከራሷ ላይ የምትጠራ ሰው ናት። መጀመሪያ መነጽሯን ረሳች። ማን የማይረሳ አለ? ከዚያ ምድጃ ላይ የጣደችውን ረሳች። ከዚያ አንድ ጠዋት ለባብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ ከተወችው አራት ዓመት ወደሞላት ሥራ ልትገባ ወጣች። ከሰዓት በኋላ አውቶብስ ተራ ተቀምጣ አገኟት፤ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ፣ እግሯ ባዶ። ከዚያን ቀን ወዲያ የዚያ ቤት በር ከውስጥ ተቆለፈ። ቁልፉም በክር ታስሮ ጋሽ አራሚ አንገት ላይ ገባ።

ሦስተኛ ፎቅ። ሁለት ክፍል፣ አንድ መታጠቢያ ቤት። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት አንድ መስኮት። እዚያ መስኮት ላይ ደግሞ አንድ ነጭ ኦርኪድ።

እህቴ ኦርኪዱን ወደደችው። ሥራዋ ሆነ። ጠዋት ተነስታ አጠጣችው። ረሳች። አጠጣችው። ረሳች። አጠጣችው። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ሥሩ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ለሰለሰ። ጋሽ አራሚ አውጥቶ ጣለው። «አበባዬስ?» አለችው። «ሞተ» አላት። አለቀሰች። ግማሽ ሰዓት ቆይታ «አበባዬስ?» አለችው። «ሞተ።» እንደ አዲስ አለቀሰች። እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው በቀን ስንት ጊዜ መርዶ ይሰማል?

በሦስተኛው ቀን አንድ ዓይነት ነጭ ኦርኪድ ገዝቶ መጣ። እሱም በውሃ ሞተ። ይሄን ጊዜ አበባ ሻጯ ጋ ሄዶ ጠየቀ። «ጋሼ» አለችው፣ «ይሄ አበባ አፈር ላይ አይደለም የሚኖረው፤ የዛፍ ቅርፊት ላይ ነው። ሥሩ አየር ይፈልጋል። ጥሙን ይችለዋል፤ ውሃው ነው የሚገድለው። ሳምንት አንዴ ያጠጡትና ይተዉት።»

«የሚያጠጣው ሰው አልተውም ቢልስ?» አላት።

«እንግዲያ አበባ መግዛቱን ይተዉ!» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ቆሞ አሰበ። ማጠጣቷን ማሳነስ አልችልም፤ እንግዲያስ አበባውን ላብዛው አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ስድስት ገዛ። አሥራ ሁለት ሆነ። ሃያ ሆነ። የአራሚ ጭንቅላት ነውና ቁጭ ብሎ አሰላው። እህቴ በደህና ቀን አራት ጊዜ ታጠጣለች። መስኮቱ ላይ ሁለት ማሰሮ ብቻ ይቀመጣል። አጠጥታ ወደ ውስጥ ስትገባ ሁለቱን አንስቶ መታጠቢያ ቤት ያንጠፈጥፋቸዋል፤ የተጠሙ ሁለት አምጥቶ ይተካል። ሁለት ሁለቱን፣ በቀን አራቴ፣ በሳምንት ሃያ ስምንቴ። ሃምሳ ስድስት ኦርኪድ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ማሰሮ፣ እንዳትለያቸው። ማሰሮው ሥር በእርሳስ ምልክት ያደርግ ነበር፤ አንድ ጭረት የተጠማ፣ ሁለት ጭረት የጠጣ።

ሃምሳ ስድስት! ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ራስጌው ላይ፣ መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ። አበባ የማይወድ ሰው ይህን ሁሉ ተማረ። ቅጠሉን በጥጥ ይወለውላል። ቅጠሎቹ መሃል ውሃ ከተጠራቀመ በወረቀት ጫፍ ይመጥጠዋል፤ ካልሆነ ይበሰብሳላ። የሞተ ሥር ሲቆርጥ መቀሱን በክብሪት ያጋየዋል። አበባው ሲረግፍ ግንዱን ከየትኛው አንጓ በላይ መቁረጥ እንዳለበት ያውቃል። ማበብ እምቢ ሲሉ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ቀዝቃዛ አየር ያስነካቸዋል። አልፎ አልፎ እህቴ ሲብስባት በቀን አሥር ጊዜ ታጠጣለች፤ ያን ጊዜ ምልክቱ ሁሉ ይፋለስና እንደገና ይጀምራል።

ሰው ምን አለ? ሽማግሌው በአበባ አበደ አለ። አላችሁ፤ እኔም ብያለሁ። እሱ ምን አለ? ዝም አለ። እሷ ታመመች ከምትሉ እሱ አበደ ብትሉ መረጠ።

እኔስ የት ነበርኩ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወንድሟ ሆኜ ነገሩን የሰማሁት ከሁሉ ኋላ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ብሄድ ነው። ኮቴን ሳላወልቅ ሻይ እጠጣለሁ። «ኧረ አበባው ቤቱን ሊነጥቃችሁ ነው!» ብዬ እቀልዳለሁ። ጋሽ አራሚ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ይከፍትልኛል፤ እኔ እወርዳለሁ፣ በሩ ከኋላዬ ሁለት ጊዜ ሲቆለፍ እሰማለሁ። ያ ድምፅ ጀርባዬን ይበርደኝ ነበር። ግን ደረጃውን እየዘለልኩ ነበር የምወርደው። አልዋሻችሁም፣ ደስ ብሎኝ ነበር የምወርደው።

ያወቅኩት ባለፈው ዓመት ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ ነው። ሦስት ቀን ተኛ፤ ቤቱን እኔ ያዝኩ። አሠራሩን አንድ በአንድ አስረዳኝ። አሥራ አራት እርምጃ ከመስኮት እስከ መታጠቢያ ቤት። እኔ ግን ብልጥ ነኝ አይደል? ይሄ ሽማግሌ ሰባ ዓመት አልፎት ለምን ማሰሮ ይሸከማል አልኩ። የማተሚያ ቤት ሰው ሲቸግረው ምን ያደርጋል? ያትማል! ወደዚያ ቤት ከመሄዴ በፊት ሃምሳ ስድስት የሚለጠፍ ወረቀት አተምኩ። በወፍራም ፊደል፣ «ውሃ ጠጥቷል»። ካለን ሙጫ ምርጡን አነሳሁ። በየማሰሮው ለጠፍኩ። ከዚያ ሶፋው ላይ እግሬን ሰቅዬ ተቀመጥኩ።

እህቴ ማጠጫዋን ይዛ መጣች። ማንበብ አልጠፋባትም። «ውሃ ጠጥቷል» አለች። ወደ ሁለተኛው ዞረች። «ውሃ ጠጥቷል።» ማጠጫውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቤቱን ዙሪያውን አየችው።

«ማን ናት?» አለችኝ።

«ምኗ፣ እትዬ?»

«አበቦቼን የምታጠጣዋ። እኔ ቤት ውስጥ ማን ሴት አለች?»

«ኧረ አንቺ ነሽ እትዬ! ራስሽ ነሽ ያጠጣሻቸው።»

«እኔ?»

ያን ፊቷን ባላየሁት። ተቀመጠች። «እኔ ካጠጣሁ ታዲያ ለምን አላውቅም?» አለችኝ። በዚያን ቀን ሰባት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሰባት ጊዜ አረምኳት። ሰባት ጊዜ ያንኑ ፊት አየሁት። ማታ ምግብ እምቢ አለች፤ ሌላይቱ ሴት የሠራችውን አልበላም ብላ።

ጋሽ አራሚ ስፌቱን በእጁ ደግፎ ተመለሰ። ወረቀቶቹን አየ። ሙቅ ውሃ አቀረበና ጥፍሩ እስኪለሰልስ ይልጥ ጀመር። ሙጫው አልለቅ አለው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ፤ ሞኙ እኔ መሆኔ ነው። እኔም ደሜ ፈላ። «እውነቱን ነው የነገርኳት!» አልኩት።

«እውነት ነው» አለኝ። «እኔ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ስህተት ሳርም ኖርኩ። እሷን ግን አላርምም።»

ቅዱስ ነበር ብላችሁ እንዳትሄዱ ደግሞ። እዚህም ላይ እርማት አለኝ። ታፍኖ ነበር። መሮት ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ፎጣ አፉ ላይ ይዞ ይጮህ እንደነበር ራሱ ነው የነገረኝ። «ጋሽዬ፣ እንዴት ነህ?» ስለው ምን ይለኝ ነበር? «እስረኛ ነኝ። ዘበኛውም እኔው ነኝ። ለማን አቤት ልበል?» ይለኛል። አንድ ጊዜ ቁልፉን አዙሮ፣ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አውጥቶ ቆመ። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። «ምን ያህል ቆምክ?» አልኩት። «እሷ ከውስጥ ‹ማነው?› እስክትል» አለኝ። ተመልሶ ገባ። ሲነግረኝ አላፈረም። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

አሁን የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ። ታገሱኝ።

የዛሬ ሁለት ወር ደወለልኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ምንም ለምኖኝ አያውቅም። «ሐሙስ ና» አለኝ። «አንድ ቀን ብቻ። አውቶብስ ልሳፈር። የትም አልሄድም፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ በዚያው እመለሳለሁ። መስኮት ጋ ተቀምጬ ሰው ልይ።» እሺ አልኩት። ሐሙስ ደረሰ። ጫማዬን አሰርኩ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ቤት፣ ያ ቁልፍ፣ «ማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ታወሰኝ። ጫማዬን እንዳሰርኩ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ደወልኩለት። «ጋሽዬ፣ ማሽን ተበላሽቶብኝ» አልኩት።

ጓደኞቼ፣ እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ያን ቀን ማሽን አልተበላሸም። እረፍት ነበርኩ።

እሱ ምን አለ? «ግድ የለም፣ ሌላ ቀን» አለኝ። ይሄ ሰው ነጠላ ሰረዝ ስትሳሳት ከፎቅ ላይ የሚያይህ ሰው ነው። ውሸቴን ያላወቀ ይመስላችኋል? አውቋል። እኔንም አላረመኝም።

ሌላ ቀን አልመጣም። ከትናንት ወዲያ ቀትር ላይ ነርሷ ደወለችልኝ። ደረጃው ላይ ውሃ እየወረደ ነው፣ በሩ አይከፈትም አለችኝ። ሮጥኩ። ሰበርነው። ጋሽ አራሚ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወድቋል፤ ሁለት ማሰሮ ከጎኑ። ልቡ ነው አሉ። ጠዋት ነው የወደቀው። እህቴ መስኮቱ ጋ ቆማ እነዚያኑ ሁለት ኦርኪዶች ታጠጣለች፤ የሚቀይርላት የለማ። ወለሉ ሞልቶ ጫማዋ በውሃ ርሷል። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ቀስ በሉ» አለችን። «ደክሞት ተኝቷል።»

ነገርኳት። ጮኸች፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ግማሽ ሰዓት ቆይታ «የት ሄደ?» አለችኝ። ነገርኳት። እንደ መጀመሪያው ጮኸች። በሦስተኛው ግን «ወጣ ብሏል» አልኳት። «ጥሩ» አለችኝ፣ «ይናፈስ። ደክሞታል።»

ራቅ ያደረግናት ለዚህ ነው። የምለምናችሁም ይሄንኑ ነው። ስትጨብጧት ነፍስ ይማር እንዳትሏት። እንዳታለቅሱባት። የት ሄደ ካለቻችሁ ወጣ ብሏል በሏት። እውነት ለምትወዱ ሰዎች ይከብዳችኋል፤ አውቃለሁ። ለእኔም ከብዶኛል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት ነኝ። በሩ ተጠግኗል፤ ቁልፉ እዚህ ነው፣ ከሸሚዜ ሥር። አሥራ አራቱን እርምጃ ለምጄዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ቀብር ለመምጣት ልብሷን እስክትለብስ አምስት ጊዜ አጠጥታለች፤ አሥር ማሰሮ ቀይሬያለሁ። እንደ እሱ አይደለሁም። አልፈልገውም። ጮክ ብዬ ልበለው፣ አልፈልገውም! ወደ ማሽኔ መመለስ ነው የምፈልገው። ቅድም ሬሳው ሲወርድ ዓይኔ መሃላችሁ ሲዞር አይታችሁኛል። የማለቅስ መስሏችሁ ነበር? ይሄን ቁልፍ የምሰጠው ሰው እየፈለግኩ ነበር። ዓይኔ ያረፈበት ሁሉ መሬት መሬት አየ። አልፈርድባችሁም። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ መሬት ሳይ ነው የኖርኩት።

አሁን ደግሞ... ተነስታለች። ግድ የለም ነርሷ፣ ተያት፣ አትያዣት። መንገድ ልቀቁላት እባካችሁ። አቤት፣ እትዬ? ቀስ ብለሽ፣ አፈሩ ያንሸራትታል። ክንዴን ያዢ።

ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁ፣ «ይሄ ንግግር አያልቅም ወይ? አበቦቼ ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሱም» ነው የምትለው።

እውነትሽን ነው፣ እትዬ። አልቀመሱም። ጠምቷቸዋል። አንድ ሰው ልሰናበትና እንሄዳለን።

ጋሽዬ። ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ግን መጥቻለሁ። አንተ እንግዲህ ወጣ በል። አትቸኩል፣ ዞር ብለህም አትይ። እኔ ቤት አለሁ።